መሸጥ የሌለበት መድኃኒት

«ይኼ እምቢ ካለ ሌላ አዲስ ያወጣሉ።» መድኃኒት ስለተላመዱ ጀርሞች ወሬ በተነሣ ቁጥር ይህን የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ታክሲ ውስጥ ይባላል፤ ለቅሶ ቤት ይባላል፤ በሽተኛ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሞ ይለዋል። እነማን እንደሚያወጡ፣ በማን ገንዘብ እንደሚያወጡ፣ የወጣውስ እኛ ዘንድ በምን በኩል እንደሚደርስ ግን ማንም አይጠይቅም። ሩቅ አገር ነጭ ጋዋን የለበሱ ሰዎች አሉ፤ ሥራቸው ነው፤ ያወጣሉ።

አባባሉ ጨርሶ ውሸት አይደለም። በእርግጥም ያወጣሉ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የተሠሩትን ውህዶች የተከታተለ ሰው የኬሚስትሪ ጠበብት ከባክቴሪያ ጋር በያዙት ግብግብ እጃቸውን እንዳልሰጡ ያያል። እኔን ያስጨነቀኝ ውህዱ ከቤተ ሙከራ ከወጣ በኋላ የሚደርስበት ነገር ነው።

ፔኒሲሊን ከሻጋታ መገኘቱን ብዙ ሰው ያውቃል። ሰው በእጁ የሠራው ፀረ ጀርም ውህድ ግን ከፔኒሲሊን ይቀድማል። በ1909 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፍራንክፈርት ውስጥ ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊኽና ጃፓናዊው ሳሃቺሮ ሃታ ከአርሴኒክ የተሠራ አንድ ውህድ ቂጥኝ በያዛቸው ጥንቸሎች ላይ ሞከሩት፤ ሠራ። የቤተ ሙከራ ቁጥሩ 606 ነበርና በዚሁ ቁጥር ዝናው ወጣ፤ በ1910 «ሳልቫርሳን» ተብሎ ገበያ ገባ። ከዚያ በ1930ዎቹ ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ውስጥ ይሠራ የነበረው ጌርሃርድ ዶማክ ከቀይ ማቅለሚያ ዘር የሆነውን ፕሮንቶዚልን አመጣ። የዶማክ የገዛ ልጁ እጇ መርዞ ሐኪሞች ይቆረጥ እስከማለት በደረሱ ጊዜ ያተረፋት ይኸው መድኃኒት ነው። በ1962 ደግሞ የወባ መድኃኒቱ ክሎሮኪን ሲሠራ ከተገኘ ተረፈ ምርት ተነሥቶ ናሊዲክሲክ አሲድ የሚባል ውህድ ተገኘ። የእሱ ዘር ነው እኛ ቤት «ሲፕሮ» እያልን የምናቆላምጠው ሲፕሮፍሎክሳሲን።

ሰው ሠራሽ ውህድ ላይ ትልቅ ተስፋ ይጣል የነበረው በምክንያት ነው። ሻጋታና ባክቴሪያ አፈር ውስጥ ለሚሊዮኖች ዓመታት አብረው ኖረዋል፤ አንዱ መርዝ ሲያወጣ ሌላው ማርከሻ ሲያበጅ። በተፈጥሮ ያልነበረ ነገር ቢመጣበት ግን ባክቴሪያው ማርከሻውን ከየት ያመጣል? ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ የሆነው ሊንዞሊድ በ2000 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ይህ ተስፋ አብሮት ነበር። በ2001፣ በዓመቱ ማለት ነው፣ ሊንዞሊድ የማይነካው ስታፊሎኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ከአንድ በሽተኛ ላይ ተገኝቶ ለሕክምናው ዓለም ተነገረ።

ባክቴሪያ ይህን የሚያደርገው በብዛቱና በፍጥነቱ ነው። ሲመቸው በሃያ ደቂቃ አንዱ ሁለት ይሆናል፤ በቢሊዮኖች ከሚቆጠሩት መካከል በአጋጣሚ የተለወጠ አንድ ሲኖር፣ መድኃኒቱ ሌሎቹን ጠርጎ ቦታውን ለእሱ ይለቅለታል። አንዳንዱ መድኃኒቱን የሚቆርጥ ኢንዛይም ያመርታል። አንዳንዱ የገባበትን መልሶ የሚተፋ ፓምፕ አለው። ሌላው መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ቦታ ይለውጣል። የሚብሰው ደግሞ ይህን ችሎታ የያዘውን ጂን ዝምድና ለሌለው ባክቴሪያ ጭምር ማቀበሉ ነው።

ከሁሉም የሚያስቸግሩት ግራም ኔጌቲቭ የሚባሉት ናቸው። ሁለት ሽፋን አላቸው፤ የውጪው ሽፋን ስብና ስኳር በተጣመሩበት ሊፖፖሊሳካራይድ በተባለ ሞለኪውል የታጨቀ ስለሆነ አብዛኛው ውህድ አያልፈውም። ከነዚህ አንዱ የሆነው አሲኔቶባክተር ባውማኒ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በመተንፈሻ ቱቦውም በአልጋው ብረትም ላይ ሳምንታት የሚከርም ነው። የሮሽ ኩባንያ ተመራማሪዎች ከሐርቫርድ ባልደረቦቻቸው ጋር በጥር 2024 ኔቸር መጽሔት ላይ ያወጡት ሥራ ለዚህ ጀርም የታሰበ ነበር። ወደ 45,000 የሚጠጉ ቀለበታማ ውህዶችን በሕያው ባክቴሪያ ላይ ሞከሩ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ተስፋ ያለው አንድ የውህድ ዘር ወጣ፤ ሲሻሻል ቆይቶ ዞሱራባልፒን ሆነ። ልቤን የወሰደው አሠራሩ ነው። ባክቴሪያው የውጪ ሽፋኑን የሚገነባበትን ሞለኪውል ውስጥ ያመርትና በፕሮቲን መተላለፊያ ወደ ውጪ ያጓጉዘዋል። ዞሱራባልፒን ጭነቱን ከነማጓጓዣው መንገድ ላይ ይቆልፈዋል። ጭነቱ ውስጥ ይከማቻል፤ ባክቴሪያው በገዛ ምርቱ ይሞታል። ውህዱ የሚሠራው ግን ለዚህ ለአንድ ጀርም ዘር ብቻ ነው፤ ለሐኪም መልካም ዜና፣ ለሻጭ መጥፎ ዜና።

ሐርቫርድ ውስጥ የአንድሪው ማየርስ ቡድን የያዘው መንገድ ሌላ ነው። ቴትራሳይክሊን የሚገኘው ከአፈር ባክቴሪያ በመሆኑ ኬሚስቶች ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያደርጉ የነበረው ባክቴሪያው የሠራላቸውን ተቀብሎ ዳር ዳሩን መነካካት ነበር። ማየርስ በ2005 ሞለኪውሉን ከትንንሽ ኬሚካሎች ተነሥቶ ከመሠረቱ የሚገነባበትን ዘዴ አሳየ። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ የማይነኩትን የሞለኪውሉን ክፍሎች መለወጥ ተቻለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶች ተሠሩ፤ አንዱ ኤራቫሳይክሊን ተብሎ በ2018 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ይኸው ቡድን በ2024 ሳይንስ መጽሔት ላይ ያወጣው ክሬሶማይሲን ደግሞ ባክቴሪያው ፕሮቲን በሚሠራበት በራይቦዞም ላይ የሚያርፍ ነው። ቅርጹ ማረፊያው ጋ ከመድረሱ በፊት የተሰናዳ ስለሆነ፣ ራይቦዞማቸውን ለውጠው ከሌሎች መድኃኒቶች ያመለጡ ጀርሞች ከእሱ አላመለጡም። ሥራው ሲታተም የተሞከረው በአይጦች ላይ ነበር፤ ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ረጅም መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

ኮምፒውተሩም ገብቶበታል። በ2020 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች 2,335 ሞለኪውሎች ኢ. ኮላይ የተባለውን ባክቴሪያ ምን እንዳደረጉት ኮምፒውተሩን ካስተማሩ በኋላ፣ ለስኳር በሽታ ታስቦ ሲጠና የነበረ አንድ ውህድ ጀርም ገዳይ መሆኑን ጠቆማቸው። ሃሊሲን አሉት።

«ያወጣሉ» ማለት እንግዲህ ይህ ነው። አሁን ከወጣ በኋላ ያለውን እንይ።

አካኦጅን የሚባል ኩባንያ ካሊፎርኒያ ውስጥ በ2002 ተቋቋመ። ከቆየ የመድኃኒት ዘር ላይ ተነሥቶ በኬሚስትሪ ያሻሻለውን ፕላዞማይሲን ዓመታት ሠርቶ፣ በሰው ላይ አስሞክሮ፣ በሰኔ 2018 የአሜሪካን የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቃድ አገኘ። ሌላ መድኃኒት የማይነካውን የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚያድን መድኃኒት ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ከሽያጭ የገባው ገንዘብ አንድ ሚሊዮን ዶላር አልሞላም። በሚያዝያ 2019 ኩባንያው ከሰረ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ፕላዞማይሲንን አስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ዓለም «ያስፈልገኛል» ያለው፣ መድኃኒቱን የሠራው ድርጅት በሩን ከዘጋ በኋላ ነው። ሜሊንታ የሚባለው ኩባንያም በታኅሣሥ 2019 የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ኤራቫሳይክሊንን ያወጣው ቴትራፌዝ በ2020 ለሌላ ኩባንያ ተሸጠ። ትልልቆቹማ ቀድመው ነበር የወጡት፤ አስትራዜኔካ፣ ሳኖፊና ኖቫርቲስ ከ2016 እስከ 2018 ባሉት ዓመታት የፀረ ባክቴሪያ ምርምራቸውን ሸጠው ወይም ዘግተው ሄዱ።

ለምን ቢባል፣ ጥሩ አዲስ ፀረ ባክቴሪያ ሲገኝ ጠንቃቃ ሐኪም የሚያደርገው የመጀመሪያ ነገር አለመጠቀም ነው። ሌላው ሁሉ እምቢ ላለው በሽተኛ ብሎ ያስቀምጠዋል። የታዘዘለት ሰው ደግሞ ለሰባት ወይም ለአሥር ቀን ወስዶ ይድናል፤ እንደ ደም ግፊት መድኃኒት ዕድሜ ልኩን አይገዛም። በቁጥር ብቻ የሚሸጥ ነጋዴ ከዚህ ምን ያተርፋል? የእሳት አደጋ መኪና ባጠፋው እሳት ብዛት ብቻ የሚከፈለው ቢሆን ኖሮ እስካሁን አንድም ጣቢያ ባልቀረ ነበር። እንግሊዞች ይህ ገብቷቸው በ2022 ለሁለት መድኃኒቶች፣ ለሴፊዴሮኮልና ለሴፍታዚዲም አቪባክታም፣ ብዙም ተወሰደ ጥቂት ለእያንዳንዳቸው በዓመት እስከ 10 ሚሊዮን ፓውንድ በቋሚነት መክፈል ጀመሩ። ኩባንያው ብዙ ለመሸጥ የሚገፋፋው ነገር የለም፤ መድኃኒቱም መደርደሪያው ላይ ይቆያል። ከሰማኋቸው መፍትሔዎች ሁሉ ልክ የመሰለኝ ይህ ነው። ሌሎች ሀብታም አገሮች ሲጎተቱ ማየት ያስተዛዝባል።

የእኛ ነገር ግልባጩ ነው። እነሱ ዘንድ መድኃኒቱ ስለማይሸጥ ኩባንያው ይከስራል፤ እኛ ዘንድ ስለሚሸጥ መድኃኒቱ ይከሽፋል። ፀረ ባክቴሪያን ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ ክልክል መሆኑን መስኮቱ ላይ የቆመው ባለሙያ ያውቃል፤ ገዢውም ሰምቷል። ያም ሆኖ አንድ ከሰዓት መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው የሚሰማው «አሞክሳሲሊን አራት ፍሬ»፣ «ለሆድ ሲፕሮ አለ?»፣ «ልጄን ጉንፋን ይዞታል፣ ሽሮፑን ስጪኝ» ነው። ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ ፀረ ባክቴሪያ ለእሱ ምኑም አይደለም። የተረፈው ፍሬ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥና ጎረቤት ሲታመም ይወጣል፤ ከመልካም ልብ እኮ ነው። አሜሪካ ያለው ዘመድ ደግሞ እዚያ ያለ ማዘዣ ስለማያገኝ፣ ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው በበርበሬው መሐል ሁለት እሽግ እንዲይዝለት ይለምናል።

አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በታኅሣሥ 1945 ኖቤሉን ሲቀበል ይህን ቀድሞ ተናግሮታል። በንግግሩ ጉሮሮውን ያመመው አንድ ሰው አቀረበ፤ ሰውዬው ፔኒሲሊን ገዝቶ ጀርሙን ለማላመድ እንጂ ለመግደል የማይበቃ መጠን ይወስዳል፤ የተላመደውን ጀርም ለሚስቱ ያስተላልፋል፤ ሚስቱ የሳንባ ምች ይይዛታል፤ ፔኒሲሊኑ እምቢ ይላታል፤ ትሞታለች። ተጠያቂው ባልየው ነው ሲል ፈረደ።

እኔ በዚህ ፍርድ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። አራት ፍሬ የሚገዛው የቀን ሠራተኛ ካርድ ለማውጣት፣ ለላቦራቶሪና ለሙሉው መድኃኒት የሚከፍለው ስለሌለው፣ ወይም ተራ ሲጠብቅ የቀን ሥራው ስለሚያልፈው ነው አራት ፍሬ የሚገዛው። ከእሱ ይልቅ እያወቀ ቆጥሮ የሚሸጥለት ይብሳል። ከሻጩም ይልቅ ሕጉን አውጥቶ ለቁጥጥር የማይወርደው ይብሳል።

የሚሞተውስ ማን ነው? ባርናርድስ የተባለ ጥናት በሰባት አገሮች የአራስ ልጆችን የደም ኢንፌክሽን ተከታትሎ ነበር፤ ከአገሮቹ አንዷ ኢትዮጵያ ስትሆን ጥናቱ የተሠራው አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ከልጆቹ ደም ከተገኙት ግራም ኔጌቲቭ ባክቴሪያዎች ዋናው ክሌብሲየላ ኒሞኒያ ሲሆን፣ እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት ለአራስ ልጅ መጀመሪያ የሚታዘዙትን አምፒሲሊንንና ጄንታማይሲንን የተላመዱ ሆነው ተገኙ። የሦስት ቀን ሕፃን በሕይወቱ አንድ ፍሬ አልዋጠም። የተላመደውን ጀርም የተቀበለው ከእኛ ነው። ላንሴት ላይ በ2022 የወጣው ግምት በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት መሞቱን ይናገራል፤ በሕዝብ ብዛት ሲሰላም የከፋው የሞት መጠን የታየው ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ነው።

«አዲስ ያወጣሉ» የሚለው ሰው ይህን አይሰማም፤ የወጣው እዚህ አልጋ ድረስ አይመጣማ። ሕንድን፣ ግብፅን፣ ኬንያንና ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ በስምንት አገሮች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት፣ በ2019 ካርባፔኔም የተባሉትን ብርቱ መድኃኒቶች በተላመዱ ግራም ኔጌቲቭ ጀርሞች ከተያዙት ወደ 1.5 ሚሊዮን ከሚጠጉ ሕመምተኞች ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ከ7 በመቶ በታች መሆናቸውን አሳይቷል። ኢትዮጵያ ከስምንቱ አንዷ አይደለችም። ብትሆን ኖሮ ቁጥሩን ወደ ላይ ትስበው ነበር ብሎ የሚከራከረኝ ያለ አይመስለኝም።

አንድ የተሳካ ነገር ግን አለን፤ ስለ እሱ ብዙ አለመወራቱ ይገርመኛል። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዘው ሰው ቀድሞ እስከ ሁለት ዓመት ይታከም ነበር፤ ለወራትም በየቀኑ ይወጋል። መርፌው ብዙዎችን አደንቁሯል። ቤዳኩሊን የሚባለው ሰው ሠራሽ ውህድ በታኅሣሥ 2012 አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ ለቲቢ ከአርባ ዓመት በኋላ የመጣ አዲስ ዓይነት መድኃኒት ነበር፤ ባክቴሪያው ኃይል የሚያመነጭበትን ኢንዛይም ያቆማል። ሕክምናውን ለማሳጠር የተደረገው ስትሪም የተባለው ትልቅ ሙከራ ከተካሄደባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ አዲስ አበባ ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል የተኙ ሕመምተኞች ተካፍለውበታል። በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ቤዳኩሊን፣ ፕሪቶማኒድ፣ ሊንዞሊድና ሞክሲፍሎክሳሲን ያሉበትን፣ መርፌ የሌለውን የስድስት ወር ሕክምና እንዲሰጥ መከረ። በዓመቱ የተላመዱት ያ ሊንዞሊድ እዚህ፣ ከሌሎች ጋር ተጣምሮ፣ ሰው ያድናል። የቤዳኩሊን ባለቤት ሕንድ ውስጥ የፓተንት መብቱን ሊያራዝም ሲሞክር የተቃወሙት ከቲቢ የተረፉ፣ በመርፌው የመስማት ችሎታቸውን ያጡ ሁለት ሴቶች ነበሩ፤ አንዷ ሕንዳዊት፣ አንዷ ደቡብ አፍሪካዊት። በ2023 አሸነፉ፤ ርካሹ ምርት መንገዱ ተከፈተለት።

ልብ በሉ፣ እኛ ዘንድ ቤዳኩሊን አይሸጥም። መድኃኒት ቤት ሄዶ «ሁለት ፍሬ» የሚል የለም። ጀርሙ ተመርምሮ ይታወቃል፤ መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ ሕመምተኛው እስኪጨርስ ክትትል ይደረግለታል። እንዲያም ሆኖ እሱን የተላመደ ቲቢ በተለያዩ አገሮች መታየት ጀምሯል፤ ሥርዓቱ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር መገመት ነው። ይህን ሥርዓት የሠራው የእኛው ጤና ጣቢያ፣ የእኛው ነርስ ነው። አንድ መድኃኒት ላይ የቻልነውን ቢያንስ በመጨረሻ መጠባበቂያነት በተያዙት ላይ የማንችልበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ልመናዬ ለሦስት ወገን ነው። የሆስፒታል ኃላፊዎች ሆይ፣ ካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አሳድጎ የመለየት ምርመራ፣ የሚሠራበት ክፍል ግብዓት አለቀ እየተባለ ሳምንታት አይዘጋ፤ ሐኪሙ የጀርሙን ማንነት ሳያውቅ በግምት እንዲያዝ አታስገድዱት። ውጤቱንም አትደብቁት፤ የትኛው ጀርም በእናንተ ግቢ የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደ በየሦስት ወሩ አውጡልን። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማስጠንቀቂያ ከመለጠፍ አልፎ የተሸጠውን ከማዘዣው ጋር ያመሳክር። አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ማታ የቤትዎን መሳቢያ ይክፈቱ፤ የተረፈውን ፍሬ ለጎረቤት አይስጡ፤ ሐኪሙ ፀረ ባክቴሪያ ሲያዝልዎም «ካልቸር አያስፈልገኝም ወይ?» ብለው ይጠይቁት።